የፎቶ ቤቱ ኮት

ሰው «በፌስቡክ ሌላ፣ በአካል ሌላ» ተብሎ ሲታማ ስሰማ፣ ሐሜቱ ከስልክ ጋር የመጣ አይመስለኝም። ካሜራ አገራችን ከገባ ጀምሮ አብሮን ኖሯል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ሙያውም ለልጆቻቸው ተላልፎ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። ያኔ የሚነሳው ባለማዕረጉ ነው፤ ካባውም ጎራዴውም የራሱ ነው። ያም ሆኖ ፎቶ ሰው መክሰሻ ለመሆን ጊዜ አልፈጀበትም። ልጅ ኢያሱ «ሰልመዋል» ተብለው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ክስ፣ በሙስሊም አለባበስ የሚያሳያቸው ፎቶ ስሙ ይነሳል። ፎቶው ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚሉም አሉ።

ፎቶ ወደ ተራው ሰው ሲወርድ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ሆነ። እኔ ያደግኩት ደሴ፣ አጎቴ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጥቁር ኮትና እንደተቋጠረ የሚጠለቅ ክራቫት ተሰቅለዋል። ገበያ የመጣው ገበሬም፣ ወታደር የሚሄደው ጎረምሳም ያንኑ ለብሶ ይነሳል፤ ከሰፋው አጎቴ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ይይዝለታል። ማታ ደግሞ ኔጋቲቩን በመብራት ፊት አድርጎ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ሪታች ያደርጋል። ፊት ላይ ጠቆር ያለው ነጥብ ኔጋቲቩ ላይ ሳስቶ ይታያል፤ እርሳሱ ሲሞላው ወረቀቱ ላይ ይፈካል። ብጉር ያጠፋል፤ ጠባሳ ግን አይነካም። ለምን ስለው፣ «ብጉሩ በሳምንት ይሄዳል፤ ጠባሳውን ካጠፋሁት እናቱም አታውቀው» ይለኝ ነበር።

ኮቱን ከተማው ስለሚያውቀው ማንም አይታማበትም። ወሬ የሚነሳው ፎቶው ሰውየውን ወደማያውቅ ቤት፣ በተለይ ለትዳር ሲላክ ነው። ያኔ «ኮቱ የራሱ ነው?» ይባላል፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

በኋላ ከቤይሩትና ከጅዳ ፎቶ ይመጣ ጀመር፤ ልጅቷ አሠሪዎቿ ሳሎን፣ የሚያብረቀርቅ ሶፋ ላይ ተቀምጣ። ጎረቤት «አለፈላት» ይላል። ባዶ እጇን ስትመለስ ግን «ዋሽታን ነው» ይሏታል። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ የላከችው ነበርኮ! ዛሬም ፊቷን በስልክ አጥርታ የምትለጥፈውን ልጅ፣ በሰው ፎቶ ገንዘብ ከሚያጭበረብረው ጋር አንድ ላይ የሚወቅሱ ሲያጋጥሙኝ ዝም አልልም፤ ፎቶው ለማን፣ ምን እንዲያስገኝ እንደተላከ መጀመሪያ ይጠይቁ።