ከደጃፍ የማያልፍ ወንበር

ሕግ አርቃቂዎች ማንን እያሰቡ እንደጻፉ ለማወቅ የፈለገ ሰው ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች ትቶ ትርጓሜው ውስጥ ይግባ። እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሕግ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሚዙሪ ድረስ ሄደው ከሃሪ ትሩማን ጎን ተቀምጠው በጁላይ 30 ቀን 1965 የፈረሙት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ መድኑ የሚከፍልባቸውን ዕቃዎች ሲጠቅስ የብረት ሳንባ፣ የኦክስጅን ድንኳን፣ የሆስፒታል አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ይልና «በታካሚው ቤት» የሚያገለግሉ መሆን አለባቸው ብሎ ይዘጋዋል።

እስቲ ወንበሩን ከእነማን ጋር እንዳስቀመጡት እዩልኝ። የብረት ሳንባ ማለት ፖሊዮ ትንፋሽ የነሳው በሽተኛ እስከ አንገቱ ተዘግቶበት የሚተነፍስበት በርሜል መሳይ መሣሪያ ነው። የኦክስጅን ድንኳኑም አልጋ ላይ የሚጣል ነው። ሦስቱም ሰው ተኝቶ የሚገለገልባቸው ናቸው። ዊልቸር ግን ሰው የሚሄድበት ነገር አይደለም እንዴ?

ዘመኑ ገና ስላልነቃ ነው እንዳይባል፣ ወንበሩ ከቤት ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በማዕድን ማውጫ አደጋ አካሉ የተጎዳው መሐንዲስ ኸርበርት ኤቨረስት ከወዳጁ ከሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ በ1933 የሚታጠፍ የብረት ዊልቸር ሠርቷል። የሚታጠፈው ለምን መሰላችሁ? መኪና ውስጥ እንዲገባ ነዋ! ይባስ ብሎ፣ ሕጉ ከመጽደቁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1962 ኤድ ሮበርትስ የተባለ ወጣት በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር። በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ልጅ ነው። ሌሊት የብረት ሳንባ ውስጥ ያድራል፣ ቀን በዊልቸር ክፍል ይገባል። ሕጉ ከጠቀሳቸው ዕቃዎች ሁለቱን ይዞ፣ አንዱን ለመኝታ ሌላውን ለመንገድ ሲጠቀም በዓይን ይታይ ነበር።

በ1972 ኮንግረስ ሜዲኬርን ከ65 ዓመት በታች ላሉ አካል ጉዳተኞችም ፈቀደ፤ ሁለት ዓመት ከጠበቁ በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ ልጅ የሚያሳድገውም፣ ሥራ ልመለስ የሚለውም ገባ። «በታካሚው ቤት» የምትለው ቃል ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ቢሮ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም አሉ፤ የፈለጉትንም ደንብ አስፈረሙ። በ1990 ደግሞ ታላቁ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መጣ። አውቶቡሱ ዊልቸር የሚያነሳ ማንሻ ተገጠመለት፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተዳፋት ሆነ። ያው መንግሥት በአንድ እጁ መንገዱን ከፍቶ በሌላ እጁ ወንበሩን ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት ላለው ርቀት ይለካል።

መቼም ሌባ አልነበረም አይባልም። በ2003 ሂዩስተን ላይ ወንበር የማያስፈልጋቸውን ሰዎች ስም እየለቀሙ መንግሥትን ያስከፈሉ ነጋዴዎች ተይዘዋል። ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ ይገባልም። በ2005 የወጣው መመዘኛ ሰውየው ቤቱ ውስጥ መጸዳዳት፣ መብላት፣ መልበስ፣ ራሱን ማሰናዳትና መታጠብ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። በምርኩዝም ቢሆን ከቻለ ዊልቸር የለም። ወንበሩን ካገኘ በኋላ ውጭ ይዞት ቢወጣ የሚከለክለው የለም፤ ለማግኘት ግን ቤቱ ውስጥ መውደቅ አለበት።

አንድ ጊዜ ለአንዲት እናታችን ላስተረጉም ሄጄ ነበር። መርማሪው ወደ መታጠቢያ ቤት እንዴት እንደሚሄዱ ጠየቃቸው። «ተመስገን፣ ምርኩዜን ይዤ እደርሳለሁ ልጄ» አሉ። ደህና ነዎት ወይ የተባለች የሀበሻ እናት ሌላ ምን ትላለች? እሳቸው አምላካቸውን አመሰገኑ፣ ሰውየው ጻፈ፣ ማመልከቻው ወደቀ። ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ፣ ለቅሶ ከደረሱ፣ የልጅ ልጅ ክርስትና ካዩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

ይህ ቃል ቢነሳ ሁሉም ሰው ወንበር ስጡኝ ይላል የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ሐኪሙ ይመረምራል፣ ከጸደቀው ዋጋ 20 በመቶውንም ሰውየው ራሱ ወይም ሌላ መድን ካለው መድኑ ይከፍላል። የሚለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። ደግሞስ ሌላው የመንግሥት መድን፣ ለድሆች የሆነው ሜዲኬይድ፣ በ2016 ባወጣው ደንብ የሕክምና ዕቃ በቤት ብቻ እንዳይወሰንና የተለመደው ኑሮ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ እንዲያገለግል አድርጎ የለም? ሜዲኬርም ቢሆን ሲጎተጎት ይሰማል፤ በ2023 የኤሌክትሪክ ዊልቸር መቀመጫን ከፍ ለሚያደርገው መሣሪያ እከፍላለሁ ብሏል።

አገር ቤትም የሚመለከተው ነገር አለ። በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። በ2010 የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ወጣ፣ በ2011 የማኅበረሰቡ መድን በጥቂት ወረዳዎች ተጀመረ። እዚያ መድኑ የሚከፍልባቸውን ዕቃዎች የሚጽፉ ሰዎች የሕንፃውን አዋጅ ከጎናቸው ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል።

እዚህ ያለን ደግሞ ለኮንግረስ እንደራሴዎቻችን እንጻፍ። ዊልቸርን በሚመለከት ብቻ «በታካሚው ቤት» የሚለው ወጥቶ የሜዲኬይዱ አነጋገር ይግባ ማለት ይበቃል፤ የኦክስጅን ድንኳኑን ማንም አልጠየቃቸውም። እስከዚያው እናት አባታችሁን ሐኪም ጋ ስትወስዱ፣ ተመስገኑን ከበር ላይ ጨርሰው እንዲገቡና የባሰባቸውን ቀን እንዲናገሩ ቀድማችሁ ምከሯቸው።