የጠሩት አባትህን ነው!

ጎበዝ፣ እስቲ ከአንድ ጥያቄ እንነሣ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ፈረንጆቹ ማንን ነበር የሚያሞግሱት? ጋዜጦቻቸውን ገልጣችሁ እዩ፤ «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ነው የሚሉት። ገብረሥላሴ ደግሞ የኃይሌ አባት ናቸው! ልጅ ሮጦ፣ ልጅ ላብ አፍስሶ፣ አባት ተጨበጨበላቸው ማለት ነው። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤም እንደዚያው ናቸው፤ ዓለም ሦስቱንም እህትማማቾች «ዲባባ» ብሎ ይጠራቸዋል። የሥጋ ዘመዳቸው ደራርቱ ግን «ቱሉ» ስለሆነች ለፈረንጁ ባዳ ትመስለዋለች።

ጋዜጠኝነት ስንማር ከገረሙን ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። የእንግሊዝኛው የዜና አጻጻፍ ሰውየውን መጀመሪያ በሙሉ ስሙ፣ ከዚያ በኋላ በቤተሰብ ስሙ ብቻ ጥራው ይላል። የአማርኛው ዜና ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራው የራሱን ስም ነው የሚይዘው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ያለን የአባት ስም ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። የቤተሰብ ስም እንደ ርስት ሳይለወጥ ይወረሳል። የአባት ስም ግን በየትውልዱ ይቀየራል፤ ልጅ አባት በሆነ ቁጥር አዲስ የአባት ስም ይወለዳል።

«ታዲያ ምን አለበት? ስም ስም ነው» የምትሉ አትጠፉም። ለእናንተ ስንል ከስዊድን ተነሥተን ወሎ ድረስ እንሄዳለን።

ስዊድኖችም እንደ እኛ ነበሩ

በእኛ በኩታበር አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰይድና አራት መሐመድ ቢገኝ አይገርምም። መምህሩ ስም ሲጠራ «ሰይድ አሊ»፣ «ሰይድ ይመር» እያለ ይለያል። ሁለት ሰይድ አሊ ከተገኘ ደግሞ አያት ይጨመራል፤ ነገሩ ያልቃል።

የስዊድን ገጠርም ለብዙ መቶ ዓመታት በዚሁ ሥርዓት ነው የኖረው። አንደርሽ የሚባል ገበሬ ዮሃን የሚባል ልጅ ቢወልድ ልጁ «ዮሃን አንደርሶን» ይባላል፤ የአንደርሽ ልጅ ማለት ነው። ዮሃን በተራው ካርል የሚባል ልጅ ቢወልድ «ካርል ዮሃንሶን» ይሆናል፤ አንደርሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ሴት ልጅ ከሆነች መጨረሻው «ዶተር» ነው፤ የአንደርሽ ሴት ልጅ «አንደርሽዶተር» ትባላለች። የስም መመሳሰል ችግራቸውም የእኛው ዓይነት ነበር። የስዊድን ጦር በአንድ ሻምበል ውስጥ ብዙ አንደርሽ አንደርሶን ሲበዛበት ለወታደሮቹ «ደፋር»፣ «ቀልጣፋ» የሚል ትርጉም ያላቸው አጫጭር ስሞች ያወጣላቸው ነበር። የእኛ ጀግኖች በፈረሳቸው ስም «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው»፣ «አባ ሻንቆ» እየተባሉ እንደሚጠሩት መሆኑ ነው።

ከዚያ ምን መጣ? ከተማና ፋብሪካ፣ ጽሕፈት ቤትና መዝገብ መጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የአባታቸውን ስም እንዳለ ለልጆቻቸው ማውረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1901 ደግሞ የቤተሰብ ስም ደንብ ወጣና ነገሩን አጸናው። በዚያ ዘመን አንደርሶን የነበረ ሰው ልጁም አንደርሶን፣ የልጅ ልጁም አንደርሶን ሆኖ ቀረ። ሴቷም ሳትቀር «የአንደርሽ ወንድ ልጅ» ተብላ ተመዘገበች! ዛሬ አንደርሶን የሚባሉ ስዊድናውያን ከ200,000 በላይ ናቸው። እርስ በርስ አይዛመዱም። የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር መዝገቡ በተዘጋ ጊዜ የየቤታቸው አባት፣ ወይም የአባት አባት፣ አንደርሽ መባሉ ብቻ ነው። ጎረቤታቸው አይስላንድ ግን እስከ ዛሬ በአባት ስም ትሄዳለች፤ የታተመው የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው እንደ እኛ በራስ ስም ነበር።

በነገራችን ላይ «ወልደ ሚካኤል» የሚለውን ስም ቃል በቃል ለስዊድኖች ብትተረጉሙላቸው «ሚካኤልሶን» ይሆናል። ግን እንዳይሸውዷችሁ! ወልደ ሚካኤል የተባለው ሰው አባቱ ሚካኤል ስለሚባል አይደለም፤ ለመልአኩ ስለተሰጠ ነው። የአባቱ ስም ሌላ ነው፤ ከኋላው ይከተላል።

የሮም ማግስት

ኢትዮጵያም እንደ ስዊድን ልታደርገው ሞክራ ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ?

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን አሸነፈ። ዓለም በማግስቱ «ቢቂላ» እያለ አባቱን አወደሰ። ያ ማግስት መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር፤ ዕንቁጣጣሽ። በዚያው ቀን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የዚህ ሕግ 32ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የግል ስም እና የአባት ስም አለው ይላል። በአስተዳደር ጽሑፎች ላይም የቤተሰብ ስም ይቀድማል ይላል። ሕዝቡ የሌለውን ነገር «አለህ» ተባለ!

ሕዝቡ ምን አደረገ? ምንም። ልጅ ሲወለድ ስም ያወጣል፣ የአባቱን ይቀጥላል፣ በቃ። የክብር መዝገቡ ክፍልም ሥራ ላይ ሳይውል ለአሥርት ዓመታት ተንከባለለ፤ በአገር ደረጃ ልደትና ሞት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፓስፖርቱና መታወቂያውም የሚሄዱት በለመድነው መንገድ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም።

አሊን ማንም አላጠመቀውም

አሁን ወደ ወሎ። ኩታበር በስተምዕራብ ተንታን፣ በስተሰሜን አምባሰልን ትጎራበታለች። የምናወራው ታሪክ የተፈጸመው በዚሁ አካባቢ ነው።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከደሴ በስተሰሜን በሚገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የሃይማኖት ክርክሩ ሲያበቃ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዘ። ይህ በፍቅር የሆነ ነገር አልነበረም። እነ ሸህ ጠልሃ ጃፈር ነፍጥ አንሥተው ተዋግተዋል፤ ብዙ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰዷል። ከተጠመቁት መካከል የወረሂመኖው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ይገኙበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የክርስትና አባት ሆኗቸው፤ «ሚካኤል» ተባሉ። በኋላ ራስ፣ ቆይቶም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆኑ።

ልብ በሉ! የተለወጠው የራሳቸው ስም ነው። አባታቸው ኢማም አሊ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ቡላ፣ አሊ እንደሆኑ ቀሩ። አሊን ማንም አላጠመቀውም። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። እንደ ዛሬ መታወቂያ በሦስት ስም እንጻፋቸው ብንል «ኢያሱ ሚካኤል አሊ» ይመጣል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ተብለው ከሥልጣን ሲወርዱ ጉዳዩ ፖለቲካም ሃይማኖትም ነበር። ያም ሆነ ይህ ክሱን የሰማ ሁሉ አያታቸው ማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

እስቲ የስዊድንን ደንብ ወደዚህ እናምጣው። መዝገቡ የተዘጋው በንጉሥ ሚካኤል ዘመን ቢሆን ኖሮ የቤተሰብ ስማቸው «አሊ» ሆኖ ኢያሱም «ኢያሱ አሊ» ይባሉ ነበር። አንድ ትውልድ ቆይቶ ቢዘጋ ግን «ሚካኤል» ይጸና ነበር፤ አሊ የሚባል ሰው ከስሙ ውስጥ ድራሹ ይጠፋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ግማሽ ነው። የቤተሰብ ስም የሚይዘው መዝጋቢው በመጣ ዕለት በር ላይ የተገኘውን አባት ብቻ ነው።

ወሎ የቤት ስም አያውቅም ማለታችን ግን አይደለም። «ወረ» በኦሮምኛ ቤት፣ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው። ወረሂመኖ፣ ወረባቦ፣ ወረኢሉ የሚባሉት አገሮቻችን የወገን ስም የተሸከሙ ናቸው። ሰው ስም ሲቀያይር፣ ሃይማኖት ሲቀያይር፣ ቋንቋ ሲቀያይር የወገኑ ስም መሬቱ ላይ ቀረ።

አባት ብቻ ሲቆጠር

የአባት ስምም ቢሆን ነውር አለበት፤ እንናገረዋለን። እናት የለችበትም! እቴጌ መነን አስፋው የአምባሰሉ የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ስማቸውን ስታነቡ ሌላ አታገኙም። እናታቸው ግን ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ናቸው፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ። እንግዲህ አስሉት፤ እቴጌይቱ የኢማም አሊ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። ልጅ ኢያሱ አጎታቸው ናቸው። ከኢያሱ መውረድ በኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑት ተፈሪ መኮንን ደግሞ ባላቸው። ከአፄ ኃይለ ሥላሴና ከእቴጌ መነን የተወለዱት ልጆች ሁሉ ደማቸው ወደ አንድ የወሎ ኢማም ይመዘዛል። በስም ብቻ ብትሄዱ ግን አሊን በፍጹም አታገኟቸውም፤ መንገዱ በሴት በኩል ስለሆነ ተዘግቷል።

አንድ መልካም ነገርም አለ። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ስንት ሴት ተከራክራበታለች!

ታዲያ ዛሬ ምን አገባን?

ሁለት ነገር። አንደኛው የስደቱ ነው። ሰይድ ይመር አሊ የሚባል ልጅ ከኩታበር ተነሥቶ ስቶክሆልም ገባ እንበል። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይለዋል፤ «አሊ» ብሎ ይሞላል። ሴት ልጅ ሲወልድ ሣራ ብሎ ስም ያወጣል። አገሩ ቢሆን «ሣራ ሰይድ» ትባል ነበር። እዚያ ግን «ሣራ አሊ» ትሆናለች። የጠፋው ማነው? ቅድመ አያት አይደለም፤ ቅድመ አያቷ አሊ እንዲያውም ለዘላለም ተጽፈዋል። የጠፋው ያሳደጋት አባቷ ሰይድ ነው! እናቷ ደግሞ የራሷን አባት ስም ስለያዘች በአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ላይ «ልጅሽ መሆኗን በምን እንወቅ?» ትባላለች።

ሁለተኛው የእኛው የአገር ቤቱ ነው፤ የሚከብደውም ይኸው ነው። ባለፉት ዓመታት ስም የሰው መመርመሪያ ሆኗል። ሰዎች የአንዱን ስም ሰምተው ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ ወገንተኝነቱን እዚያው ሲወስኑ አይተናል። ወሎ ላይ ይህ ሂሳብ አይሠራም። ይመር ወይም አበጋዝ የተባለ ሰው ሙስሊምም ክርስቲያንም ሊሆን ይችላል። የራሱ ስም አንድ ነገር ነግሯችሁ የአያቱ ስም ሌላ ይነግራችኋል። «ወሎ የፍቅር አገር» እያልን በዘፈን የምናልፈው ነገር በስም ሰንሰለታችን ውስጥ በትክክል ተጽፏል፤ ፍቅሩም፣ ጋብቻውም፣ የቦሩ ሜዳ ግዳጅም። አንዱን ስም ብቻ ቆርጦ የሚይዝ ሰው፣ ፈራጅም ይሁን መዝጋቢ፣ ይህን ታሪክ አያገኘውም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ሰባት ቤት ቁጠሩ። ሲቆጥሩላችሁም በአባት በኩል ብቻ አታስቁሟቸው፤ «እናቷስ የማን ልጅ ነበረች?» በሉ። የማትጠብቁት ስም ቢመጣ አትደንግጡ፤ እሱም አባታችሁ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ። ስዊድን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው የስም ሕግ ልጅ ከአባቱ ወይም ከእናቱ የግል ስም የተሠራ ስም እንዲይዝ መልሳ ፈቅዳለች። እነሱ ከ80 ዓመት በኋላ የተመለሱበትን ነገር እኛ ገና በእጃችን ይዘነዋል።