ፊደሉ ሳይጠፋ መቅዳት

ሰሞኑን ዘነበወርቅ ባለው መኖሪያ ቤቴ አሮጌ ፋይሎቼን ሳገላብጥ፣ ከሃያ ዓመታት በፊት በአማርኛ ያዘጋጀሁትን የጥናት ጽሑፍ አገኘሁ። ጥቂት አንቀጾች ልቀዳ ቪም በተሰኘው ፕሮግራም ከፈትሁት። የታየኝ ግን አማርኛ ሳይሆን የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነበር።

ቪም በተርሚናል ውስጥ ያለ ማውስ፣ በቁልፍ ብቻ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። «ዋይ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ሁለት ጊዜ ሲጫኗት መስመሩ ይቀዳል፤ «ፒ»ን ሲጫኗት ይለጠፋል። ቀዳሚውን ቪአይን ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 ጻፈው፤ ቪምን ደግሞ ብራም ሞሌናር በ1991 ለሕዝብ አቀረበው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚቀዳው የፊደሉን መልክ ሳይሆን ከበስተጀርባው ያለውን ቁጥር ነው። የእኛም ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያን ዘመን የግእዝ ሶፍትዌር አዘጋጆች ፊደላችንን በላቲን ቁጥሮች ላይ የጫኑት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስሌት ነበር። በአንዱ የተጻፈው ወደ ሌላው ሲቀዳ ትርጉም አልባ ይሆናል። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ግእዝን በላቲን ፊደላት የሚወክል ነበር፤ ትንሿ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቋ «ቲ» ለ«ጠ» ትቆማለች። በዚህም አማርኛ ልዩ ፎንት በሌለው ተርሚናል ሳይቀር ሊቀዳና ሊላክ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ 345 ምልክቶችን ሲመዘግብ፣ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ዙሪያ አንድ ቁጥር አገኘ።

ችግሩ ግን ፈጽሞ አልተወገደም። ዛሬም የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ በቪም ትእዛዝ ልስጥ ብል፣ በ«ዋይ» ፈንታ «የ» ይገባና ፕሮግራሙ አልታዘዝ ይላል። በቅንብር ካልተስተካከለ በቀር፣ ለመቅዳት ወደ ላቲን፣ ለመጻፍ ወደ አማርኛ መመላለስ ግድ ነው።

ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልስማማም። ጎንደር የተቀዳ ብራና ጎጃም ይነበብ የነበረው፣ ቁም ጸሐፊዎቻችን ፊደሉን በጋራ ስለያዙት ነው። እኛ ኮምፒውተር ስንይዝ በዚያ ስምምነት ፈንታ የየግል ስሌት ተካን። በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የጥናት ወረቀቶች ዛሬም በየዲስኩ አሉ። የቁጥሮቹን ስሌት የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ዩኒኮድ ካልተመለሱ፣ የቅርብ ጊዜ ታሪካችንን ከብራናው ዘመን ታሪክ ይልቅ ለማንበብ የምንቸገርበት ቀን ይመጣል። እኔ በራሴ ፋይሎች ጀምሬያለሁ፤ እናንተስ?