የአንድ ጠገራ ብር መንገድ፦ ከጉንዝቡርግ እስከ ባሶ ገበያ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ወደ የጁቤ አልናቸው። «ዘመድ አላችሁ?» የለንም። «መሥሪያ ቤት ነው የላካችሁ?» አይደለም። «እህ! ታዲያ የጁቤ ምን አለና ልጆቼ?» አሉን፤ ለማላገጥ ሳይሆን ከልባቸው አዝነውልን።

አይፈረድባቸውም። አዲስ አበባ ሆነን ጉዞውን ስናወራ ጓደኞቻችንም የጠየቁን ይህንኑ ነበር። ጎጃም የሚሄድ ሰው ወይ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ይንፈላሰሳል፣ ወይ ግሽ ዓባይ ጠበል ይጠመቃል፤ ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቦ ልቡ የተነካ ከሆነ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስን ካላየሁ ይላል። የጁቤን ብሎ የሚነሣ የለም። (ጉዞው የዛሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ዛሬ እንደዚያን ጊዜ ብድግ ብሎ መሄድ ቀላል አይደለም።)

ወደዚያ የወሰደን አንድ ጠገራ ብር ነው። ከመካከላችን የአንዷ አያት ሲያርፉ፣ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ላንገት ጌጥ እንዲሆን ጆሮ የተበየደለት ማርትሬዛ ተገኘ። «ከጎጃም የመጣ ነው፤ ከባሶ ወገን» ከማለት በቀር እናቷም የምታውቀው የለም። እኛ ደግሞ ነገር መፈልፈል የምንወድ ሰዎች ነንና እንግዲህ ከሥሩ እንወቀው ብለን ተነሣን።

ብሩን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ፊቱ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ በሌላው ፊቱ ጠና ያሉ ወይዘሮ፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት። ወይዘሮዋ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ተሬዛ ናቸው፤ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተመታው ሳይቀር፣ 1780 ይላል። ከደረታቸው ሥር ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት አሉ፤ ኤስ እና ኤፍ። ያገራችን ሰው ብር ሲቀበል የዘውዳቸውን ዕንቁ ይቆጥር፣ የትከሻቸውን ጌጥ ያይ፣ እነዚህ ሁለት ፊደላት ጥርት ብለው መውጣታቸውን ያረጋግጥ ነበር። የተፋቀ ከሆነ «አልፈልግም፣ ሌላ አምጣ» ይላል። ፊደላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ ግን የማንም ጉዳይ አልነበረም።

ምን ማለት መሰሏችሁ? የሁለት ሰዎች ስም መነሻ ነው፤ ሾብል እና ፋቢ። ሁለቱም ጉንዝቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የብር መምቻ ቤት ሹሞች ነበሩ። ጉንዝቡርግ ዛሬ በጀርመን ባቫሪያ ውስጥ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የድሮ የገበያ ከተማ ናት። ያን ጊዜ የኦስትሪያ ነበረች። የብር መምቻ ቤቱ በ1764 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ከተማዋ ወደ ባቫሪያ በዞረችበት በ1805 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የአውግስቡርግ የብር ነጋዴዎች ከዚያ እየወሰዱ ወደ ምሥራቅ ይልኩት ስለነበር፣ የጉንዝቡርጉ መልክ በቀይ ባሕር ዙሪያ ተለመደ። ከዚያ በኋላ ቪየና ስትመታም፣ ሌሎች አገሮች ሲመቱም፣ ሁለቱን ፊደላት መንካት አልደፈሩም። ቢነኩ ማን ይቀበላቸዋል? ምፅዋ ያለው ነጋዴ ይመልሰዋል። የባሶ ነጋዴማ ከነጭራሹ ያባርረዋል።

የከተማዋን ፎቶግራፎች ኢንተርኔት ላይ እያየን ቀንተናል። በቀለም ያጌጡ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፊ የገበያ አደባባይ፣ ዶሚኒኩስ ዚመርማን የሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ያለፈውን ዘመን የሚያሳይ ሙዚየም። እንዲህ ዓይነት ከተማ ውስጥ ጎብኚ አይጠፋም፤ ምን እንዳለም ማንም አይጠይቀውም።

እኛ ደግሞ የጁቤ ወረድን። የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ነው። ቆርቆሮ ቤቶች፣ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ሻይ ቤቶች፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ ጤፍ፣ ከጤፉ ማዶ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ እየወረደ ይሄዳል። ታሪክን የሚያስታውስ ድንጋይ ፈለግን፤ አላገኘንም። ሊኖርም አይችልም ነበር። ገበያው ሜዳ ላይ ነበር፤ የነጋዴው ቤት እንጨትና ጭቃ ነበር። ገበያተኛው ሲበተን ሣሩ ይበቅልበታል። የኛ የገበያ ታሪክ ከጀርመኖቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ነጋዴው ሲከስር ግንቡ ይቀራል።

ሆኖም በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ከዓባይ በስተሰሜን ከነበሩት ገበያዎች ከባሶ የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። ከምፅዋ የተነሣው ዕቃ በዓድዋና በጎንደር አድርጎ እዚህ ይደርሳል። ከደቡብ፣ ከከፋና ከሊሙ እናርያ የተነሣው ደግሞ በጉዱሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ይመጣል። መሐሉ ባሶ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ጉዱሩ ውስጥ፣ አሰንዳቦ የሚባል እኅት ገበያ ነበረው። ከሰሜን የሚመጣው ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ከሁሉ በላይ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው ከአፋር ምድር ተቆርጦ የተነሣ ነውና በተጓዘ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አንድ ማርትሬዛ ሰሜን ላይ ብዙ አሞሌ ይመነዝራል፣ ባሶ ላይ ያነሰ፣ ዓባይን ሲሻገር ደግሞ ከዚያም ያነሰ። የነጋዴው ትርፍ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ይዘጋል፤ ነጋዴውም ተቀምጦ መስከረምን ይጠብቃል።

ከደቡብ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ነበር። ቡና ስንል አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሙስሊምና የኦሮሞ መጠጥ ነው ብሎ አይቀምሰውም ነበር። ጎጃም በጀርባው ያን ሁሉ ቡና እያሳለፈ አንድ ስኒ ሳይጠጣ ኖረ ማለት ነው! ዛሬ የጁቤ ላይ በየሁለት ቤቱ ረከቦት ተዘርግቶ ስናይ ያ ሁሉ ጾም ለምን ነበር አልን።

እስካሁን ያልጠቀስነው ሸቀጥ አለ። ሆን ብለን ነው ያዘገየነው፤ እዚያ የነገሩን ሁሉ ያዘገዩት እሱን ስለሆነ። ሰው ነው። ከደቡብ አገሮች በጦርነትና በዘረፋ የተያዙ፣ በብዛት ሴቶችና ልጆች፣ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር እዚህ ሜዳ ላይ ይሸጡ ነበር። ጥቂቱ ጎጃም ውስጥ ይቀራል፣ የቀረው ወደ ምፅዋ ወይም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይነዳል። ንግዱ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። ይህን ብሎ ዝም ማለት ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ክርስቲያኑ መኳንንት ቀረጡን ይቀበላል፣ ግቢውንም በባሪያ ያስተዳድራል።

ይህን ካዩት አንዱ ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ከ1833 እስከ 1835 ዓ.ም፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምን በሚገዙበት ጊዜ፣ ከባሶ ገበያ አጠገብ ያውሽ የምትባል መንደር ተቀምጦ ነበር። ዓባይ ማዶ ስላለው አገር ነጋዴዎችን እየጠየቀ ካርታ ይሠራ፣ ገበያው ወደ ጎጃም ካመጣቸው ሰዎችም የቋንቋዎቻቸውን ቃላት ይለቅም ነበር። ከአሥር በላይ ቋንቋ! እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ጎጃም ላይ ተቀምጦ የግማሽ ኢትዮጵያን ቋንቋ የሚሰበስብበት ገበያ ነበረን። በ1845 እ.ኤ.አ. የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ቃላቱን ያቀበሉት ሰዎች ምን እንዳገኙ መገመት አያስቸግርም።

በዚያው ዓመታት ሙኒክ ውስጥ፣ የባቫሪያ ዋና ከተማ ላይ፣ ሌላ ደብተር ይጻፍ ነበር። የባቫሪያው መስፍን ማክሲሚሊያን በ1838 እ.ኤ.አ. ከግብፅ አራት አፍሪካውያን ልጆች ይዞ ተመልሶ ነበር። ከእነሱ አንዱ አካፈዴ ዳሌ የሚባል ኦሮሞ ነው። መምህር ሆኖ የተመደበላቸው ካርል ቱቼክ ከዚህ ልጅ አፍ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ቱቼክ በ1843 እ.ኤ.አ. ሲሞት ወንድሙ አሟልቶ በ1844 እ.ኤ.አ. ሙኒክ አሳተመው። ወደ ደቡብ ብር የላከችው ባቫሪያ፣ ከደቡብ ሰው መጣላት።

ባሶን የገደለው ምንድን ነው? ባርነትን የሚከለክል ሕግ አይደለም፤ ያ የመጣው በኋላ ነው፣ በ1916 ዓ.ም ተጀምሮ በ1934 ዓ.ም ፈጽሞ ታገደ። ባሶን የጎዳው መንገዱ ስለዞረ ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ማዕረጋቸው «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ነበር። «ወከፋ» የምትለዋን ልብ በሉ። ከፋ የቡናውና የዝባዱ አገር ነው፤ ከዓባይ ማዶ ነው። ምኒልክም ያንኑ አገር ይፈልጉታል። በግንቦት 1874 ዓ.ም ጉዱሩ አካባቢ እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ትምህርት ቤት የሁለት ነገሥታት ፉክክር ብለው ያስተማሩን ጦርነት፣ ባሶ ሜዳ ላይ ቆመው ሲያዩት የገበያ ጠብ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የደቡቡ ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ በ1909 ዓ.ም ባቡሩ ገባ፤ ቡናው በጅቡቲ ወጣ። የጎጃምና የወለጋ ንግድ በአንድ ቀን አልሞተም፤ የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ከጣሊያን ወረራ በፊት ድረስ በዓባይ ላይ ይመላለስ እንደነበር ጽፈዋል። ግን የመሐል መንገድ የነበረው የዳር መንገድ ሆነ። ደብረ ማርቆስ፣ የዱሮዋ መንቆረር፣ ቤተ መንግሥቷና አስተዳደሯ አተረፏት። የጁቤን ግን ሳምንታዊ ገበያዋ ብቻ ቀራት።

የጁቤ ላይ ሻይ የጋበዙንን አንድ አዛውንት ስለዚያ ንግድ ጠየቅናቸው። ስለ ጨውና ስለ ቡና በደስታ አወጉን። ስለ ሰው ስንጠይቅ ግን ዙሪያቸውን አይተው «ተዉት ልጆቼ፣ የሰው ዘር ይነካል» አሉ። ገባን። የሸጠውም፣ የገዛውም፣ የተሸጠውም የልጅ ልጆች ዛሬ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ስም ሲጠራ የሚያፍረው ሻጩ ሳይሆን የተሸጠው ወገን ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው። ሽማግሌውን መውቀስ አልቻልንም፤ በዝምታቸው የሚጠብቁት ሰው አለ።

ያቺ የቀናንባት ጉንዝቡርግም የምትደብቀው ነበራት። አውሽቪትስ በእስረኞች ላይ ያን ሁሉ ግፍ የፈጸመው ሐኪም ዮሴፍ ሜንገለ በ1911 እ.ኤ.አ. የተወለደው እዚያ ነው። የቤተሰቡ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ዋና እንጀራ ስለነበር ነገሩ ሳይነሣ ቆየ። ለተጎጂዎቹ መታሰቢያ ያቆሙት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከስድሳ ዓመት በኋላ። ሁለቱን ግፎች ለማመዛዘን አይደለም ያነሣነው። የገበያ አደባባይዋ ያማረ ከተማም አፏን ለመክፈት ስድሳ ዓመት ፈጀባት ለማለት ነው። እኛ ዘንድ መታሰቢያው ቢቆም ምን ይጻፍበታል የሚለው በመመለሻችን መኪና ውስጥ እስከ ደብረ ማርቆስ አከራከረን። አንዱ የሸቀጦቹ ዝርዝር ይበቃል አለ፤ ሰውም ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ሌላው እንዲህ ያለ ሰሌዳ አንድ ሌሊት አያድርም አለ።

ማታ ደብረ ማርቆስ ሆቴል ውስጥ፣ የብሩ ባለቤት እናቷ ጋ ደወለች። ስላየነው ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ ድንገት «እማዬ፣ እነ እማማ ቤት ስታድጉ አብራችሁ የነበረችው ሴትዮ የማን ወገን ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበር።

«የሰው ቤት ልጅ ነበረች» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ቡና የምታፈላልን እሷ ነበረች።»