ኪዳነ ምሕረት የትኛው ኰረብታ ነው?

የጦር አለቃ የሠራዊቱን ኀይል ከማወቅ ቀጥሎ የምድሩን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልገዋል። ለዚህም የዐድዋ ጦርነት ታላቅ ምስክር ነው።

የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ. ም. ማታ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን ወደ ዐድዋ ሲያንቀሳቅስ፥ ለበታች ጄኔራሎቹ በእጅ የተነደፈ ካርታ ሰጥቶ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔም ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኰረብታ እንዲይዝ ታዘዘ። ነገር ግን በካርታው ላይ ይህ ስም የተጻፈበት ኰረብታ ሌላ ነበረ። አልቤርቶኔ በሌሊት ከዚያ ከደረሰ በኋላ፥ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን ስለ ነገሩት፥ ብዙ ኪሎ ሜትር አልፎ ሄደ። ሲነጋም ከወገኖቹ ተለይቶ ከዓፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋራ ብቻውን ተጋጠመ፤ ጦሩ ተደመሰሰ፥ ራሱም ተማረከ። ድሉን ያስገኘው የኢትዮጵያውያን አንድነትና ጀግንነት ነው፤ የካርታው ስሕተት ግን የጠላትን ጦር ከፋፈለ።

ዛሬ አቧራና ዝናብ የማይበግረው የጦር ሜዳ ኮምፒውተር፥ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ቃኚው የቆመበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያመለክታል። የኰረብታውን ስም የሚያውቀው ግን በሥሩ የሚኖረው ሰው ነው፤ እርሱን ጠይቆ በትክክል የጻፈ ከሌለ፥ መሣሪያው ያንኑ ስሕተት መልሶ ያሳያል። ስለዚህ ካርታ ማንበብን የሚማር ተማሪ፥ የአገሩን ወንዝና ተራራ ስም ከሽማግሌ ጠይቆ መጻፍንም አብሮ ሊማር ይገባዋል።