ጉልቻው ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው ሹም በተለዋወጠ ቁጥር ነው። ጉልቻውን በጉልቻነቱ ብንመለከተው ግን፣ ወጡን ባያጣፍጥም የምትሠራዋን ሴት ትንፋሽ እንደሚለውጥ ታሪኩ ይመሰክራል።

የቀድሞው የሣር ጎጆ የጭስ ማውጫ አልነበረውም። ከሦስቱ ጉልቻዎች መካከል የሚነሣው ጭስ ወደ ላይ ወጥቶ በክዳኑ ሣር ውስጥ ቀስ እያለ ይበተን ነበር። ጥቅምም ነበረው፤ ክዳኑን ከተባይ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር እህል ከነቀዝ ይጠብቃል። ስለዚህም ጭሱ እንደ ቤተሰብ ተቆጥሮ አብሮ ኖረ። በማገሩ ላይ የተጋገረው ጥላሸት ለሁሉም ይታያል፤ በሳንባ ውስጥ የተጋገረውን ያየ ግን አልነበረም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ፈጥኖ ተመናመነ። የማገዶ እጦት ከተማይቱን ሊያስነቅላት በደረሰ ጊዜ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ታደጋት። ግንዱ ለቤት መሥሪያ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ለምጣድ ሆነ። የቆርቆሮ ክዳንም እየተስፋፋ ሄደ፤ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ሣር ጭስ አያሳልፍም። ዐቅም ያለው ሰው ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ለይቶ በጓሮ ሠራ። በዚህም የእልፍኙ አየር ጠራ፤ እንግዳውም ከጭስ ዳነ። ጋጋሪዋ ግን ጭሱን ተከትላ ጓሮ ገባች።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ምርጥ» የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። በሲሚንቶ የተቀረጹ ክፍሎቹ ተገጣጥመው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልሉት፣ ክፍት ምድጃ ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህሉን ይቆጥባል። ዋናው ዓላማ ይኸው ቁጠባ ነበር፤ የደን መራቆት ሁሉንም አስግቷልና። የጭሱ መቀነስ እንደ ምርቃት ተቆጠረ።

እነሆ ነገሩን ልብ እንበል። ባሕር ዛፉ የመጣው ለከተማይቱ፣ ማድ ቤቱ የተለየው ለእንግዳው፣ ምድጃው የተሻሻለው ለደኑ ነው። በምጣዱ ፊት ዐይኗን እየጠረገች የተቀመጠችው እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በሒሳቡ ውስጥ የገቡት ዘግይተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ኤሌክትሪክ ምጣድ የገባለት ቤት ከዚህ ጭስ ተገላግሏል። ላልገባለት ግን በማድ ቤቱ ትይዩ የሚከፈት መስኮት፣ ከጣሪያው ሥር የተተወ ክፍተት፣ በቅጡ የደረቀ እንጨት፣ ሕፃኑንም ከእሳቱ ማራቅ፤ እነዚህ ሁሉ ከዐቅማችን በላይ አይደሉም። ጉልቻው ይለወጥ። ወጡ እንደ ነበረ ቢቀር እንኳ፣ ሠሪዋ ሳትስል ትቅመሰው።