ጆሮዋን ትነካለች?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ከጎንደር ተነስታችሁ፣ ትክል ድንጋይን አልፋችሁ፣ ሳንጃን ወደ ኋላ ትታችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ፣ ወላፈኑ ፊት መግረፍ ሲጀምር አብርሃ ጅራ የምትባል ከተማ አለች። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሰብሉ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ። ስለዚህ አገር ወሬ ሲነሳ የሚወራው ስለ ሰሊጡ ዋጋ፣ ስለ ትራክተሩ፣ ስለ ሱዳን ድንበር ነው። እኔ ግን ዛሬ ጓዳ ገብቼ ላወራችሁ ነው፤ የሕፃናት ልብስ እየሰፉ ቤት ስለሚያቆሙ ሴቶች።

አንዲት ሴት እያልኩ እተርካለሁ፤ ስም አልሰጣትም። እንዲህ ያለች ሴት በአብርሃ ጅራ ብቻ ሳትሆን በአብደራፊም፣ በገንዳ ውኃም፣ በመተማ ዮሐንስም ስላለች፣ የብዙዎቹን ኑሮ በአንዷ ላይ አድርጌ ብነግራችሁ ይሻላል።

ይህች ሴት በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና፣ ሲንጀር፣ አላት። ሲንጀር እንበለው እንጂ ግንባሩ ላይ የተጻፈው በተርፍላይ ነው፤ የቻይና ሥሪት። የገዛችው በእቁብ ነው። ዕጣው ደርሷት ገንዘቡን ስትቀበል፣ ቤቱ የሚፈልገው ሌላ ሰባት ነገር ነበር፤ ጣራው ያፈሳል፣ አልጋው ተሰብሯል። እሷ መኪናውን ገዛች። በነገራችን ላይ፣ ሲንጀር ስሙን ያገኘበት አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር ፓተንቱን ያወጣው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። የእሱ ኩባንያ ዓለምን ያዳረሰው ግን ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ የማይቀመስ ስለነበር በ1850ዎቹ በየወሩ እየከፈሉ መውሰድን አመጣ። በአንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት የማይችለው ሰው ያን ጊዜ ነው ባለ መኪና የሆነው። አብርሃ ጅራ ላይ ደግሞ ያንኑ ሥራ እቁብ ይሠራዋል፤ ያውም ያለ ወለድ።

ለምን በእግር የሚረገጠውን መረጠች? መብራቱ ይጠፋላ! የኤሌክትሪኩ መኪና ይፈጥናል፤ ነገር ግን የበዓል ዋዜማ ላይ መብራት ሲሄድ ዝም ይላል። የእግሩ ግን ቺንጋው እስካልተበጠሰ፣ ዘይት እስከጠጣ ድረስ በፋኖስም ይሠራል።

አሁን ወደ ጨርቁ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ነገሩ ያንገበግበኛልና። ጥጥ እኮ የዚህ አገር ልጅ ነው። ከጥንትም የቆላው ጥጥ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። የጎንደር ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉት፣ የከተማዋ የአዲስ ዓለም ሠፈር ሙስሊም ሸማኔዎችና ቤተ እስራኤላውያን ይሸምኑት ነበር። ኋላ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ሲቋቋም፣ ጥጥ ወደ ፋብሪካም መሄድ ጀመረ። ዛሬም ከጥቅምት በኋላ በአብርሃ ጅራ ዙሪያ ያለው እርሻ ነጭ ብሎ ይታያል። እዚያው እርሻ ዳር የሚሮጠው ሕፃን ግን የለበሰው ከሩቅ አገር የመጣ፣ አየር የማያሳልፍ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ገበያው ላይ በርካሽ የሚሸጠው እሱ ነውና። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ላቡ ከውስጥ ይቀራል፤ የልጁ አንገትና ብብት በሽፍታ ይሞላል። እናትየው «ሙቀት ነው» ትላለች። ግማሹ ሙቀት ነው፤ ግማሹ ልብሱ ነው።

የእኛ ሴት ፖፕሊንና አቡጀዲ የምትመርጠው ለዚህ ነው። ጨርቁ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ይመጣላታል። አቡጀዲውን ከመቁረጧ በፊት ውኃ ውስጥ ነክራ ታሳድረዋለች፤ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይነከር የተሰፋ ልብስ በመጀመሪያው አጠባ እምብርት ላይ ይደርሳል፤ ደንበኛዋም እንደ ጨርቁ ተሰብስባ ትቀራለች። ሲደርቅ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈዋለች፣ ባለቀ የሳሙና ስባሪ ልኬቱን ታሰምራለች። ከዚያ በኋላ ነው መቀሱን የምታነሳው።

የሕፃን ልብስ ያነሰ የአዋቂ ልብስ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እንደሱ አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህላል። የአንድ ዓመት ልጅ የራሱ ዙሪያ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ አንገቱ ግን የዚያን ግማሽ ቢሆን ነው። እንግዲህ አንገቱን በልኩ ከቀደዱት ራሱ አይገባም፤ ራሱ እንዲገባ ካሰፉት ትከሻው ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንገቱን በልኩ ትቀድና ከኋላ ትሰነጥቀዋለች፤ ወይም ትከሻው ላይ ትከፍተውና በሁለት ቁልፍ ትዘጋዋለች። ቁልፉን በእጇ ደጋግማ ትሰፋዋለች፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታልና የላላ ቁልፍ ያንቃል። የአንገቱን ዙሪያ በሰያፍ በተቆረጠ ስስ ጨርቅ ትለብጠዋለች፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ በዙር ላይ አይታዘዝም። ለስሱ ጨርቅ 11 ቁጥር መርፌ፣ ለፖፕሊን 14፣ ለዩኒፎርም ካኪ 16 ትጠቀማለች። በወፍራም መርፌ ስስ ጨርቅ መስፋት መብሳት ነው።

እጅጌ ላይ ደግሞ የራሷ ሐሳብ አላት። ሙቀት ነው ብላ ሁሉንም እጅጌ አልባ አታደርግም። ማታ ማታ ወባ አስተላላፊው ትንኝ አለ፤ ካላዛር የሚሉትን በሽታ የምታመጣው የአሸዋ ዝንብም ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትናከሰው። በዚህ ቆላ ካላዛርን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው፤ አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ያከሙት እሱን ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ ለምሽት ትሰፋለች። እናቶቹ መጀመሪያ «ልጄን ልታፍኛት ነው?» ይሏታል። ልጅቱ ለብሳው ስትጫወት ያያሉ፤ ሁለተኛውን ያዛሉ።

ገበያዋ በቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው። ነሐሴና ጳጉሜን ዩኒፎርምና እንቁጣጣሽ። ከዚያ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካና ኢድ። በመሐል የክርስትና ነጭ ልብስ፤ ለወንድ በአርባ ቀኑ፣ ለሴት በሰማንያ ቀኗ፤ ይህ ቀጠሮ የማይሻር ስለሆነ እሷም አታዘገይም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰሊጥ አጨዳ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከሁመራ እስከ መተማ ያለው ቆላ በመቶ ሺዎች የሚቀበለው ሕዝብ፣ አብርሃ ጅራንም ያጥለቀልቃታል። ሳሉግ ይሏቸዋል። ኅዳር ሲገባ ሒሳባቸውን ተቀብለው ወደ ልጆቻቸው ሊመለሱ ይሰናዳሉ።

አንዱ እንዲህ ሆኖ መጣ። እጁ በሰሊጥ ግንድ ተላልጧል፤ ከወገቡ ላይ በጨርቅ የቋጠረውን ገንዘብ ይዟል።

«እህቴ፣ ለልጄ ቀሚስ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ዓመቷ ነው ወንድሜ?»

«እንጃ... ይህን ታክላለች» ብሎ እጁን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ አሳያት። ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረገው፤ ከደጋው ከወረደ ጀምሮ አላያትማ።

እጅን ማመን አይቻልም፤ አባት ልጁን ሲናፍቅ ወይ ያሳንሳታል ወይ ያስረዝማታል። ሴትየዋ ሜትሩን አስቀመጠችና ጠየቀችው። «እጇን በአናቷ ላይ አዙራ የወዲያኛውን ጆሮዋን ትነካለች?»

አባትየው ሳቀ። ይህንን ያውቀዋል፤ በእኛ አገር ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚለካው በዚህ አልነበር? «ትነካለች፤ አምና አልደረሰችም ተብላ ተመለሰች፣ ዘንድሮ ትነካለች!»

«ጥርሷስ?»

«የፊት ሁለቱ ወልቀዋል።»

በቃ። ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ናት ማለት ነው። «ቀጭን ናት ወይስ ሞላ ያለች?» «ቀጭን፣ እንደ እናቷ።» የዚያ ዕድሜ ልጅ የደረቷ ዙሪያ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለመተንፈሻና ለመሮጫ ጨመረችበት። ወገቡን በልኬት አልያዘችውም፤ በላስቲክ ሸበሸበችው፤ ብትወፍርም ብትከሳም ይይዛታል። ታችኛውን ጫፍ አራት ጣት ሙሉ ወደ ውስጥ አጠፈችና በሰፊ ስፌት ያዘችው። «ለእናቷ ንገራት፤ ከርሞ ስትረዝም ይህን ክር ትተርትረው፣ ቀሚሱ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያም አንድ ዓመት ትለብሰዋለች።» አንድ ሜትር ተኩል ፖፕሊን፣ አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ዓመት። የሕፃን ልብስ ስፌት ጥበቡ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያላዩትን ገላ ማወቅና ገና ያልመጣውን ዕድገት ጨርቁ ውስጥ አጥፎ ማስቀመጥ።

አሁን ስለ ዋጋ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ሒሳቧ ጨርቅ፣ ክር፣ ላስቲክና ቁልፍ ነበር። በዚያ ላይ ጥቂት ብር ትጨምርና ትሸጣለች። ቀኑን ሙሉ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ወገቧ ጎብጦ ይውላል፤ ዓመት በዓል ሲያልፍ እጇ ላይ የሚቀረው ለሚቀጥለው ጨርቅ መግዣ ብቻ። ደንበኛዋም «ቤትሽ ተቀምጠሽ የምትሠሪው ነው፤ ኪራይ የለብሽ፣ ቀንሺ እንጂ!» ትላታለች። ቤት መቀመጥ ሥራ መፍታት ይመስል! ይህ አነጋገር ስንት ባለሙያ ሴት መርፌዋን እንድትሰቅል አድርጓል።

ታዲያ መላ መጣላት፤ ያውም ከከተማዋ አደባባይ። አብርሃ ጅራ ላይ የሳሉግ የቀን ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም። በአጨዳ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ባለ እርሻውና ሠራተኛው የሚከራከሩት በእሱ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር ይናገረዋል። እሷም ደብተር ገዝታ አራት መደብ አሰመረች፤ ጨርቅ፣ ሌላ ዕቃ፣ ከሰልና ዘይት፣ ቀን። አንዱን ቀሚስ ስንት ሰዓት እንደፈጀባት ጻፈች። ሰዓቱን በሳሉግ የቀን ዋጋ ሒሳብ አሰላችው። ያገኘችውን ስታየው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ደንበኞቿን እየደጎመች ስትሰፋ እንደኖረች ገባት። «ሰሊጥ የሚያጭደው ቀኑ ዋጋ ካለው፣ የእኔም ቀን አለው» አለች። ዋጋ ጨመረች። የተወሰኑ ደንበኞች ሄዱ። ከሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ በርካሽ የገዙት በሁለት ወሩ ስፌቱ ተተርትሮ ነበር።

ከሰልባጅ ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም፤ አትሞክረውም። ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ገበያው ላይ አይጠፋም። እሷ የምትሸጠው ሰልባጅ የማይሰጠውን ነው፤ በልጁ ልክ የተሰፋ፣ የተበጠሰ እንደሆነ ተመልሶ የሚጠገን። የሰፋሁትን በነፃ እጠግናለሁ ትላለች፤ ይህ ቃሏ ከማናቸውም ማስታወቂያ ይልቅ ሠርቶላታል።

ክፉውን ጊዜ ሳልነግራችሁ ብቀር ትረካው ጎዶሎ ይሆናል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል የሚገባው ንግድ ታወከ፤ ስደተኛው ጎረፈ፤ ኩመርና አውላላ መጠለያ ሆኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በክልላችን፣ በአማራ፣ ግጭት ተነሳ። መንገድ ሲዘጋ ጨርቅ ከጎንደር አይወርድም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዩኒፎርም የለም። የተቆረጠ ካኪ ተደራርቦ የተቀመጠበት ቤት አይቻለሁ፤ ልኬቱ የተወሰደለት ልጅ እስኪመዘገብ ድረስ ካኪው ጠበበው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ልብስ ሰፊዎች የቆዩት በጥገና ነው። ሱሪ ማስረዘም፣ የታላቅን ልብስ ለታናሽ ማጥበብ፣ የአባትን ሸሚዝ አፍርሶ ለሕፃን ቀሚስ ማውጣት። የሸሚዝ ጀርባ ለሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ ይበቃል፤ ቁልፉም ሳይቀር ከፊቱ ይገኛል።

አሁን አንዲት የጎረቤት ልጅ ከእኛ ሴት ጋር ትሠራለች። ቅዱን ሴትየዋ ትቀዳለች፤ ልጅቱ ትዘመዝማለች፣ ላስቲክ ታስገባለች፣ በአንድ ልብስ ሒሳብ ይከፈላታል። ሁለተኛ መኪና ቢኖር ሥራው እጥፍ ይሆናል። የመግዣው ብድር ከብድርና ቁጠባ ተቋሙ ከአብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሆነው፣ ወይም ከሌላ አበዳሪ ሊገኝ ይችላል። ጣጣው ወርሃዊ ክፍያው ነው። ለሰሊጥ አምራች ምርቱ ሲሰበሰብ የሚመለስ ብድር የተለመደ ነው፤ የእሷም ገበያ የሚደርሰው ያው ሰሊጥ ሲሸጥ፣ ያው ሳሉግ ሒሳቡን ሲቀበል ነው። ሰኔ ላይ ተበድራ ኅዳር ላይ እንድትመልስ ቢፈቀድላት፣ ክረምቱን ሙሉ ከሁለት ዓመት እስከ አሥር ዓመት ላለው ልጅ በየልኩ ሰፍታ ትቆልላለች። ሳሉጉ ሲመጣ፣ «ጆሮዋን ትነካለች?» ብላ ጠይቃ፣ ከመደርደሪያ አንስታ ትሰጠዋለች።